መብራቱ ሲርገበገብ አምፖሉን ብቻ አንውቀስ



ከጥቂት ወራት ወዲህ በቡና ላይም ሆነ በቅሬ ስብሰባ የሚነሳው ወሬ አንድ ሆኗል። እሱም የመብራት ነገር ነው። «ማጥፊያውን ተጭኜ አምፖሉ በራሱ ብልጭ ድርግም ይላል» የሚል አለ። «ቆጣቢ ነው ተብሎ የተገዛው አምፖል ሁለት ወር ሳይሞላው ተቃጠለ» የሚል አለ። አንዲት እናታችን ደግሞ ጽሕፈት ቤታችን ድረስ መጥተው «ልጆቼ፣ እዚህ መብራት ላይ ጂን ሰፍሮበታል እንዴ?» ብለው ጠይቀውናል። ያን ጊዜ ስቀን ሸኘናቸው። አሁን ግን የሚያስቅ ነገር እንዳልነበረ ተረድተናል። ምክንያቱም ጉዳዩ የማኅበሩ ገንዘብ የወጣበት፣ የአንድ ወጣት ሠራተኛ ስም ያለአግባብ የጎደፈበትና ካልተጠነቀቁለትም የሰው ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል ነው። ስለዚህ ይህን ርዕሰ አንቀጽ ለዚሁ ጉዳይ አውለነዋል።

በመጀመሪያ የሆነውን ሳንደብቅ እንናገር። እንደሚታወቀው በ2017 ዓ.ም. በአባላት መዋጮ በመተላለፊያ መንገዳችንና በቅሬ ዕቃ ቤታችን በር ላይ ስምንት መብራቶች አስገብተናል። ሌባ እንዳይደፍረን፣ ሌሊት ወደ ሶላትም ሆነ ወደ ማሕሌት የሚወጣ ሰው እንዳይደናቀፍ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። አንዳንዶቻችን ግን «ከተገባማ ዘመናዊው ይግባ» አልን። ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራና ሰው ሲርቅ በራሱ የሚጠፋ ማብሪያ፣ ለዕቃ ቤቱ ደግሞ በስልክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ ተገዛ። አምፖሎቹም ቆጣቢ እንዲሆኑ ተደረገ።

የገጠመልን ወጣት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት «ይሄ ዓይነት ማብሪያ ሦስተኛ ሽቦ ይፈልጋል፤ በድሮው በሁለቱ ሽቦ ብቻ ካሰርነው ከቆጣቢ አምፖል ጋር አይስማማም» ብሎን ነበር። እኛ የኮሚቴ አባላት የሽቦውን ሜትርና ዋጋ ቆጠርን። «ሽቦ ለማስበዛት ነው፤ ባለው ይሠራ» ብለን እምቢ አልን። ልጁም ምን ያድርግ፤ ባለው ሠራ።

ሳምንት ሳይሞላ መብራቶቹ መርገብገብ ጀመሩ። ጠፍተው ሳሉ ብልጭ ይላሉ፤ በርተው ሳሉ ይንቀጠቀጣሉ። አምፖሎቹን ወደ ሱቅ መለስናቸው፤ ነጋዴው በቅንነት ለወጠልን። የተለወጡትም እንደዚያው ሆኑ። ያን ጊዜ ነጋዴውን «የማይረባ ዕቃ ሸጠህልን»፣ ወጣቱን ደግሞ «ሙያ የለህም» አልናቸው። ቀሪ የሠራበትንም ገንዘብ ያዝንበት። በሰፈሩም ውስጥ ስሙ ተነሳ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ የከለከሉት ቤቶች እንዳሉም ሰምተናል።

በኋላ ኮምቦልቻ በፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሙያ ብዙ ዘመን የሠሩ የአንድ አባላችን ዘመድ ለዘመድ ጥየቃ ሐረጎን ወጥተው ደሴ መጥተው ነበርና እንዲያዩልን ለመንናቸው። ካቻቢቴና ቴስተራቸውን ይዘው ግማሽ ቀን ዞሩ። ስምንቱንም ከፍተው ካዩ በኋላ «አምፖሉ ደህና ነው፣ ማብሪያውም ደህና ነው፣ ሠሪውም ደህና ነው። ያልተስማሙት አምፖሉና ማብሪያው ናቸው። ሦስተኛውን ሽቦ ማን ከለከለው?» አሉ። መልስ አልነበረንም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው።

ታዲያ ነገሩ ምንድን ነው? እሳቸው ያስረዱንን፣ እኛም ሲሠራ አይተን ያረጋገጥነውን በሚገባን ቋንቋ እናስቀምጠው።

ተራው ማብሪያ ማጥፊያ እንደ በር ነው። ሲዘጋ ይዘጋል፤ አንዲት ጠብታ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በራሱ የሚበራው፣ በሪሞት ወይም በስልክ የሚታዘዘው ማብሪያ ግን በውስጡ ነቅቶ የሚጠብቅ ዕቃ አለው። ያ ዕቃ ሌት ተቀን ትንሽ ትንሽ ኤሌክትሪክ መመገብ አለበት። ፌዝና ኑትራል ሁለቱም ከደረሱለት ምግቡን ከዚያ ያገኛል። በማብሪያው ሳጥን ውስጥ ኑትራል ከሌለ ግን ምግቡን የሚያገኘው በአምፖሉ ውስጥ አሳልፎ ነው። ስለዚህ «ጠፋ» ስንል እንኳ በአምፖሉ ውስጥ ቀጭን ኤሌክትሪክ ያልፋል። ጨለማ ውስጥ ቦታው እንዲታወቅ ትንሽ ቀይ ወይም አረንጓዴ መብራት ያለው ማብሪያም እንዲሁ ያደርጋል።

የድሮው ባለ ክር አምፖል ይህን አይሰማውም። ክር ብቻ ስለሆነ ጠብታዋን ዝም ብሎ ያሳልፋታል፤ ለመብራትም አትበቃውም። ቆጣቢው አምፖልና ኤልኢዲው ግን ሆዳቸው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ አላቸው። ቧንቧው በደንብ ሳይዘጋ ጠብ ጠብ ሲል ከሥሩ የተቀመጠው ጣሳ ቀስ ብሎ እንደሚሞላ ነው። ሲሞላ አምፖሉ «ልብራ» ብሎ ይነሳል፤ ብልጭ ይላል። ያጠራቀመው ወዲያው ያልቅና ይጠፋል። እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ብልጭ ይላል። እናታችን ጂን ያሉት ይኼው ጠብታ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ሲነሳና ሲወድቅ የሚያድር ቆጣቢ አምፖል ደግሞ ዕድሜው ያጥራል፤ ይህ ዓይነቱን አምፖል የሚጎዳው መቆየቱ ሳይሆን ደጋግሞ መነሳቱ ነውና። ብዙዎቹ ቆጣቢ አምፖሎች በካርቶናቸው ላይ ብርሃን ከሚቀንስ ማብሪያና በራሱ ከሚበራ ማብሪያ ጋር እንዳይገጠሙ የሚል ማሳሰቢያ አላቸው። እኛ ካርቶኑን ጥለን አምፖሉን ብቻ ነው የያዝነው።

የእኛ ስምንት መብራቶች ላይ ሌላም ነገር ተገኝቷል። በሁለቱ ላይ ከድሮ ጀምሮ ፌዝና ኑትራሉ ተለዋውጠው ታስረው ኖሯል። ማብሪያው መቁረጥ ያለበት ፌዙን ነው። ኑትራሉን ከቆረጠ አምፖሉ ይጠፋል፣ ኤሌክትሪኩ ግን እስከ ፖርታ ላምፓዳው ድረስ ደርሶ ተቀምጦ ይጠብቃል። «አጥፍቻለሁ» ብሎ ወንበር ላይ ቆሞ እጁን የሚሰድ ሰው ሞትን እየነካ ነው። ከመርገብገቡ ይልቅ ያስደነገጠን ይህ ነው። ይህን ያየነው በሁለት መብራት ላይ ነው፤ በየቤታችን ስንት እንዳለ ሳይፈተሽ አይታወቅም።

ስለሆነም ነዋሪዎች ቤታቸው የሚርገበገብ መብራት ሲገጥማቸው ከመናደድና ከመክሰስ በፊት የሚከተለውን ቢያደርጉ ይጠቀማሉ።

1ኛ/ አንዱ መብራት ብቻ ነው ወይስ የቤቱ ሁሉ? የቤቱ መብራት ሁሉ ማታ ማታ፣ በተለይ የጎረቤት ምጣድ በሚሰካበት ሰዓት የሚደክም ከሆነ ነገሩ የኃይል ማነስ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል፤ በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ሦስት አራት ቤት አብሮ ሲጋግር መብራቱ ቢደክም አይገርምም። ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ አንዳንዱ መብራት እየደከመ ሌላው ከልክ በላይ የሚደምቅ ከሆነ ኑትራል ሽቦ ላልቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ አደገኛ ነው፤ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ያቃጥላል፣ እሳትም ያስነሳል። ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከት እንጂ መጠበቅ አያስፈልግም።

2ኛ/ የሚርገበገበው በርቶ ሳለ ነው ወይስ ጠፍቶ? ጠፍቶ ሳለ ብልጭ የሚል ከሆነ ከላይ የተናገርነው የማብሪያው ጠብታ፣ ወይም የተለዋወጠ ፌዝና ኑትራል፣ ወይም ረጅም መንገድ ጎን ለጎን የተዘረጋ ሽቦ ነው። በርቶ ሳለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብርሃን የሚቀንስ ማብሪያ፣ የላላ ብሎን፣ የዛገ ፖርታ ላምፓዳ ወይም ዕድሜው ያለቀ አምፖል ይሆናል። በእኛ በደሴ ጉሙና ዝናቡ ከቤት ውጭ ያለውን ስካቶላ ያረጥበዋል፤ የረጠበው ይዝጋል። ከእኛ ይልቅ በሚሞቀው ኮምቦልቻ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ አምፖሉን አየር በማያስገባ የመስታወት ክዳን ውስጥ ከዘጉት በሙቀቱ ሆዱ ቶሎ ይቃጠላል። ክፍት አድርጎ መስቀል ይሻላል።

3ኛ/ አምፖሉን ወደ ሌላ ክፍል ወስዶ ተራ ማብሪያ ባለው ቦታ ላይ መሞከር ነው። እዚያም ከተርገበገበ ጥፋቱ የአምፖሉ ነው፤ ወደ ሱቅ መመለስ ይቻላል። እዚያ ደህና ከበራ አምፖሉም ነጋዴውም ንጹሕ ናቸው፤ ጥፋቱ ከማብሪያው ወይም ከሽቦው ነው። ይህን ቀላል ፈተና እኛ ብናደርግ ኖሮ የሰው ስም አናጠፋም ነበር። አምፖል ሲፈታ ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፤ ብሬከሩ ይውረድ።

4ኛ/ መድኃኒቱስ? ዋነኛው ሦስተኛውን ሽቦ፣ ማለትም ኑትራልን እስከ ማብሪያው ሳጥን ማድረስና ኑትራል የሚቀበል ማብሪያ መግጠም ነው። ሽቦ መሳብ የማይቻልበት ቤት ውስጥ ባለሙያ ከአምፖሉ ጎን ትንሽ ካፓሲተር ያስርለታል፤ ጠብታዋ በዚያ በኩል ታልፋለች። ካፓሲተሩ ግን ለዋናው የ220 ቮልት መስመር ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። ከአሮጌ ሬዲዮ ተፈትቶ የመጣ ከሆነ ይፈነዳል። በአንድ ማብሪያ ብዙ አምፖል ለሚያበራ ሰው አንዱን ብቻ የድሮ ባለ ክር አምፖል ማድረግም መርገብገቡን ያቆማል፤ ሆኖም ኃይል ስለሚበላ ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው አንመክርም። ከሁሉ የቀለለው ደግሞ ዘመናዊውን ማብሪያ አውጥቶ ተራውን መመለስ ነው። ይህ ሁሉ የባለሙያ ሥራ ነው። ናስትሮ የጠመጠመ ሁሉ ኤሌክትሪሺያን አይደለም።

አንዳንድ ነዋሪዎች «ይኼ ሁሉ ጣጣ ከሆነ ለምን ወደ ድሮው አምፖል አንመለስም?» ይላሉ። በዚህ አንስማማም። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ስምንቱ መብራቶቻችን ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል ቢሆኑና በሌሊት 12 ሰዓት ቢበሩ በወር ወደ 173 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላሉ። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ሲሆኑ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቢበሩም 26 ብቻ ነው። ልዩነቱ 147 ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፉ በየጊዜው ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ሲደረግ ይህ ልዩነት ለድሃ ቤት ቀላል አይደለም። ለአገርም ቢሆን እንዲሁ ነው። በ2001 ዓ.ም. ገደማ መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ መንግሥት ቆጣቢ አምፖል በነፃ ማደሉን የምናስታውስ አለን። በመጀመሪያው ዙር የታደሉት 350,000 አምፖሎች ብቻ 13 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል ማዳናቸው በጥናት ታይቷል። በኋላ የታደሉት በጠቅላላው ከ5 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል።

ከዚሁ ሒሳብ ግን ሌላም ነገር እንማራለን፤ እኛንም ያሳፈረን ይህ ነው። ትልቁን ቁጠባ ያመጣው አምፖሉ ነው። ኤልኢዲው ሌሊቱን ሙሉ ቢበራ በወር የሚፈጀው 26 ኪሎ ዋት ሰዓት ከሆነ፣ በራሱ የሚበራውና የሚጠፋው ውድ ማብሪያ ምንም ያህል ቢደክምልን ሊያተርፍልን የሚችለው ከዚያች ከ26ቷ ውስጥ ነው። ለዚያች ስንል ከአምፖሉ ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ማብሪያ ገዛን፤ ሦስተኛውን ሽቦ ደግሞ ቆጠብን። የሚቆጠበውን አውጥተን የማይቆጠበውን ቆጠብን ማለት ነው።

«ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት ይችላል፤ ምን አስቆጠበን?» የሚሉም አልታጡም። ግድቡ ኩራታችን ነው፤ ከጉሮሮአችን ቀንሰን ያዋጣንበት ነው። ነገር ግን ኃይሉ ከግድቡ ተነስቶ ቤታችን የሚደርሰው በሽቦ ነው። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው ሽቦ የመንግሥት ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የእኛ ነው። የቤታችን ሽቦ ያረጀና የተለዋወጠ ከሆነ የበዛ ኃይል የሚያመጣብን ብርሃን ሳይሆን እሳት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለእናቶችና ለልጆች ጤና እንናገር። ጠመዝማዛው ቆጣቢ አምፖል በውስጡ ጥቂት ሚሊ ግራም ሜርኩሪ አለው፤ ሜርኩሪ መርዝ ነው። ሲሰበር ልጆችን ማራቅ፣ መስኮት ከፍቶ ጥቂት ደቂቃ መውጣት፣ ከዚያም ስባሪውን በእጅ ሳይነኩ በጠንካራ ወረቀት አንስቶ፣ ዱቄቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ ሁሉንም ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ማድረግ ያስፈልጋል። በመጥረጊያ መጥረግ ዱቄቱን በቤቱ ይበትነዋል። በዚህ ምክንያት የሜርኩሪ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2022 ባደረጉት ጉባኤ፣ በየቤቱ የምንጠቀምባቸው የዚህ ዓይነት አምፖሎች ምርትና የውጭ ንግድ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 እንዲቆም ወስነዋል። ኤልኢዲ ሜርኩሪ የለውም። ስለዚህ ያለን ቆጣቢ አምፖል እስኪያልቅ እንጠቀምበት፤ አዲስ ስንገዛ ግን ኤልኢዲ ይሁን።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የአራቱ መብራቶች ማብሪያ ሦስተኛ ሽቦ ተስቦለት ሰላም ሆኗል። ሁለቱ ካፓሲተር ታስሮላቸው ቆመዋል። የዕቃ ቤቱ ሁለት መብራቶች ተራ ማብሪያ ተመልሶላቸዋል፤ የተለዋወጡትም ሽቦዎች ተስተካክለዋል። ሥራው የወሰደው ሽቦ በመጀመሪያ ቀን ከተጠየቅነው አይበልጥም ነበር። በመካከል የተቃጠሉት አምፖሎች፣ የጠፋው ጊዜና የተነገረው ክፉ ቃል ግን ትርፍ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን በዚህ ሰሌዳ ላይ፣ ስሙ በጎደፈበት ሰፈር መካከል ይህን ይናገራል። ወጣቱ ባለሙያ ትክክል ነበር፤ የተሳሳትነው እኛ ነን። ነጋዴውም ንጹሕ ነው። የተያዘው የድካም ዋጋ እንዲከፈል ኮሚቴው ወስኗል፤ ሽማግሌዎችም ከገንዘቡ ጋር ሄደው ይቅርታ እንዲጠይቁ ተደርጓል። «አብሽሩ፣ ሰው ይሳሳታል» ብሎ ተቀብሏቸዋል። እግዜር ይስጠው፣ አላህ ይጨምርለት። በእሱ ምክንያት ሥራ የከለከላችሁት ቤቶች ካላችሁ፣ የከለከላችሁት በእኛ ቃል ነውና ቃላችንን እነሆ መልሰናል።

በሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባ ለአባላት ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ማኅበሩ ከእንግዲህ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚገዛው ባለሙያ ያለውን በጽሑፍ ካሰፈረ በኋላ እንዲሆን፤ ኮሚቴው ምክሩን የማይቀበል ከሆነም ምክንያቱን ጽፎ እንዲፈርምበት። ሁለተኛ፣ በየወሩ ከመዋጮው ጥቂት ተቀንሶ፣ ፈታሽ ባለሙያ በየቤቱ ዞሮ ማብሪያው ፌዙን መቁረጡንና አለመቁረጡን እንዲያይልን። ሥራው በአንድ ቴስተር በአንድ ቤት ብዙ ሰዓት አይፈጅም። ቅሬአችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ሰው እንዳይሞት ቴስተር ቢገዛ ምን ነውር አለው?

እስከዚያው መብራት ሲርገበገብ ብሬከሩን እናውርድ፣ ከመናገራችን በፊት እንጠይቅ፣ ሠራተኛው ሲናገርም እንስማ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት